ያለ ዱላ ማስተማር፦ የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት ታሪክና የአንድ አባት ጥያቄ



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ከኋላ መቀመጫ ተነሥተው ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። ልጃቸው እዚሁ ካኩማ በዶን ቦስኮ ማሠልጠኛ ብየዳ መማር ይፈልጋል። «እዚያ አይገርፉም አሉ። ሳይገረፍ የተማረ ልጅ ምን ይሆናል? ደግሞስ ካቶሊኮች ናቸውና ልጄ ሃይማኖቱን ይዞ ይወጣል ወይ?» አሉ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሁለቱም አባት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም በስብሰባ መካከል በሁለት ደቂቃ አያልቅም። በመሆኑም የዚህን እትም ትምህርት ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ለሚያስቡ ሁሉ አድርጌዋለሁ። ተማሪዎች ጽሑፉን ለወላጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ዶን» ማለት በጣሊያንኛ ለቄስ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እኛ «አባ» እንደምንለው ማለት ነው። ጆቫኒ ቦስኮ የተወለደው ኦገስት 16 ቀን 1815 በሰሜን ጣሊያን ቤኪ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ገበሬ የነበረው አባቱ ሲሞት ልጁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቱ ማርጌሪታ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ሦስት ወንዶች ልጆችን በችግር አሳደገች። ከሦስቱ ትልቁ የእንጀራ ልጇ ሲሆን፣ ታናሹ መጽሐፍ ይዞ ሲያየው ይበሳጭ ነበር። ጠቡ እየከረረ ስለ ሄደ ጆቫኒ ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ በሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሠራ። ከዚያም ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር እየተማረ፣ ለምግቡና ለማደሪያው በልብስ ሰፊ ቤትና በቡና ቤት እየሠራ ቆይቶ በ1841 ቅስና ተቀበለ።

በዚያ ዘመን ቱሪን የምትባለው ከተማ እየሰፋች፣ አዳዲስ ሕንፃ በየቦታው እየተሠራባት ነበር። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ልጆች ድንጋይና ኖራ ይሸከማሉ፤ የጭስ ማውጫ ይጠርጋሉ፤ ማታ ባገኙበት ይተኛሉ። ዶን ቦስኮን ጁሴፔ ካፋሶ የተባሉት መምህሩ ወደ ከተማይቱ እስር ቤቶች ይዘውት ገቡ። እዚያ ያያቸው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው። ያስደነገጠው መታሰራቸው ብቻ አይደለም፤ ተፈትተው የወጡት ጥቂት ቆይተው ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ነገሩን ሲመረምር ያገኘው ምክንያት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ውጭ የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዱላው እንምጣ። ዲሴምበር 8 ቀን 1841 ዶን ቦስኮ በአንድ የቱሪን ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ይለብሳል። አንድ ወጣት ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ ጥግ ይዞ ቆሟል። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ልጁን ቅዳሴ እንዲያግዝ አዘዘው። ልጁ አላውቅም አለ። ጠባቂው ተቆጣና የአቧራ ማራገፊያውን አንሥቶ በእጀታው እየደበደበ አስወጣው። ዶን ቦስኮ ይህን ሲያይ ያ ልጅ ወዳጁ መሆኑን ተናግሮ ባስቸኳይ እንዲጠራለት አዘዘ። ልብ በሉ፤ ልጁን ከዚያ ደቂቃ በፊት አይቶት አያውቅም።

ልጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ስሙ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ ይባላል። አስቲ ከሚባል አገር የመጣ ግንበኛ ነው። አባትም እናትም የለውም። ዕድሜው አሥራ ስድስት ሆኖ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ለምን የሃይማኖት ትምህርት አትማርም ቢባል፣ ከእኔ የሚያንሱት ልጆች አውቀው እኔ ይህን ያህል አድጌ ምንም አለማወቄ ያሳፍረኛል አለ። እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። ከእናንተ መካከል አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷችሁ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጡ አላችሁ። በመንገድና በጦርነት የጠፋው ዓመት የእናንተ ጥፋት አይደለም። ሆኖም ኀፍረቱ የእናንተ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙዎቻችሁን ከክፍል የሚያስቀራችሁም የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ይኸው ኀፍረት መሆኑን ስም በጠራሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ዶን ቦስኮ ለብቻህ ባስተምርህ ትመጣለህን ብሎ ጠየቀው። ጋሬሊ የመለሰው፣ እንዳይመቱኝ እንጂ ደስ እያለኝ እመጣለሁ የሚል ነበር። እንግዲህ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት የሳሌዢያን ትምህርት ቤቶች ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ደንብ ያወጣው ተማሪው ነው ማለት ይቻላል።

በሚቀጥሉት እሑዶች ጋሬሊ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ፤ ቁጥሩም እየበዛ ሄደ። ግን የሚሰበሰቡበት ቦታ አልነበራቸውም። ከ1844 እስከ 1846 ድረስ ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሲባረሩ ቆዩ። መቃብር ቦታ አጠገብ ያለ ጸሎት ቤት ገቡ፤ ጩኸታቸው በዛ ተብለው ወጡ። የእህል ወፍጮዎች ዘንድ ሄዱ፤ እዚያም ክስ ቀረበባቸው። ቤት ተከራዩ፤ ጎረቤት አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ ሜዳ ተከራዩ፤ የሜዳው ባለቤት የልጆቹ እግር የሣሩን ሥር ሳይቀር አጠፋብኝ ብሎ አስወጣቸው። በ1846 የፋሲካ ዕለት፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ቫልዶኮ በሚባል የከተማ ዳር ጣሪያው ዝቅ ያለ ዳስ የመሰለ ቤት አገኙ። ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆምበት ወለሉን ቆፍረው ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እነሱም ስደተኞች ነበሩ እንዴ?» አለኝ። ስደተኞች አልነበሩም፤ በገዛ አገራቸው ነበሩ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

የኅብረት ኑሮው በአንድ ጊዜ የሠመረ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያስጠለሏቸው ልጆች ሌሊት አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘው ጠፍተዋል። በ1847 አንድ ዝናባማ ማታ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እስከ አጥንቱ ርሶ በሩን አንኳኳ። የዶን ቦስኮ እናት ማርጌሪታ በዚያን ጊዜ መንደሯን ትታ ከልጇ ጋር መኖር ጀምራለች። ልጁን ወደ እሳቱ አስጠግታ ልብሱን አደረቀችለት፤ ሾርባና ዳቦ ሰጠችው። የት ይተኛ ሲባል ግን ድስቶቹን ይዞብን ይሄዳል ብላ ሰግታለች። ቢሆንም ወጥ ቤት ውስጥ በጡብና በሳንቃ አልጋ ሠሩለት። ከመተኛቱ በፊት ማርጌሪታ ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ ሃይማኖት ጥቂት ቃል ተናገረችው። ሳሌዢያኖች እስከ ዛሬ በየቤታቸው ማታ ማታ የሚያደርጉት የሁለት የሦስት ደቂቃ ንግግር ከዚያች ማንበብ ከማትችል እናት የተወረሰ ልማድ ነው።

የእኛ እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «እኛስ ስንቱን አስጠግተናል!» ትላላችሁ። እውነት ነው። በአንድ የጭቃ ቤት የራሳችሁን አራት፣ የሟች ጎረቤትን ሁለት ይዛችሁ የምታሳድጉ አላችሁ። የማርጌሪታ ታሪክ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ የእርሷ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

በቀን ልጆቹ ከተማ ውስጥ በየሱቁና በየግንባታው ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። አሠሪዎች ያንገላቷቸዋል፤ የማይገባ ሥራ ያሸክሟቸዋል። ዶን ቦስኮ ይህን ለመከላከል ያደረገው ነገር በጣም ይገርመኛል። ውል ማጻፍ ጀመረ። በ1852 ለአንድ የእንጨት ሥራ ተለማማጅ የተጻፈ ውል ዛሬም አለ። አሠሪው፣ ልጁ፣ የልጁ አባትና ዶን ቦስኮ ፈርመውበታል። አሠሪው ሙያውን በሙሉ ሊያስተምር፣ በበዓል ቀን ሊያሳርፍ፣ ደመወዙን በየጊዜው ሊጨምር፣ ልጁ ሲያጠፋም በቃል ብቻ እንጂ በሌላ መንገድ እንዳይቀጣ ይገባል ይላል። ከ1853 ጀምሮ ደግሞ በራሱ ግቢ የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎም የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የእንጨት ሥራ፣ የኅትመትና የብረት ሥራ ክፍሎችን ከፈተ። የእኚያ አባት ልጅ የሚመኘው የብየዳ ትምህርት የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው። ሳሌዢያኖች ወደ አገራችን መቀሌ በ1975፣ ወደ ካኩማ ደግሞ ካምፑ በተከፈተ በዓመቱ በ1993 መጥተዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ፤ ዱላ ከሌለ ምን አለ? ዶን ቦስኮ አሠራሩን በ1877 ባጭሩ ጽፎታል። «ቀድሞ የመጠበቅ ዘዴ» ብንለው ይስማማል። ሌላው ዘዴ ልጁ እስኪያጠፋ ጠብቆ መቅጣት ነው። የእርሱ ዘዴ ግን ልጁ እንዳያጠፋ አብሮት መሆን ነው። ሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ በምክንያት ማስረዳት፣ ሃይማኖት፣ እንዲሁም ፍቅር። ሦስተኛውን የጠራበት የጣሊያንኛ ቃል ልብ ውስጥ ያለውን ፍቅር ብቻ ሳይሆን በፊትና በአነጋገር የሚታየውን ደግነት ጭምር ያመለክታል። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ወደ ቢሮ አይሄድም፤ ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ይሆናል። ልጆቹ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ። ሙዚቃ፣ ቲያትርና የእግር ጉዞ የትምህርቱ ክፍል ናቸው። ተግሣጽ ሲያስፈልግ በሰው ፊት አይደረግም፤ ለብቻ ጠርቶ ነው። መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም። ልጁ መምህሩን ከወደደው፣ መምህሩ ፊቱን ትንሽ ቀዝቀዝ ማድረጉ ብቻ ቅጣት ይሆንበታል።

ሥራው ከዱላ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ዱላ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህኛው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አንድ መምህር ለመቶ ልጅ በሆነበት ክፍል እንዴት ይቻላል የሚለኝ የሥራ ባልደረባ ትክክል ነው፤ እኔም መልሱን ሙሉ በሙሉ አላገኘሁትም።

እኔ ራሴ በዱላ ያደግሁ ነኝ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን አለንጋቸው ከእጃቸው አይለይም ነበር። ዛሬም የማነበው እርሳቸው ባስቆጠሩኝ ፊደል ነውና አልረግማቸውም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዩኒቨርሲቲ አቋርጬ ተሰድጄ፣ በበጎ ፈቃድ ማስተማር ስጀምር ግን ከእርሳቸው የወረስሁት ፊደሉን ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ በሒሳብ ሰዓት ተኛብኝ። ቀሰቀስሁት፤ እንደገና ተኛ። በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት እጁን በማስመሪያ መታሁት። አላለቀሰም። ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት አልመጣም። በኋላ ከጎረቤቶቹ እንደሰማሁት፣ እናቱ ታማ ተኝታ ስለነበር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቧንቧው ዘንድ ጀሪካን አሰልፎ ተራ ይጠብቅ ኖሯል። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ አውቀው ነበር። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ «መምህር ልጅን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» ብላ አፈረች። ልጁ ተመለሰ። ነገር ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን አውጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም።

የኬንያ ሕግ በትምህርት ቤት መግረፍን በ2001 ከልክሏል። ይህን የምጽፈው ግን ሕጉን ፈርቼ አይደለም። ያ ልጅ ያልጠየቀኝን ጥያቄዎች ስለማስብ ነው።

ዶን ቦስኮም ቢሆን ቤቱ ሁልጊዜ እንደ ጀመረበት አልሆነለትም። ሜይ 10 ቀን 1884 ከሮም ለቫልዶኮ በላከው ደብዳቤ አንድ ሕልም ይተርካል። በሕልሙ መጀመሪያ የድሮውን ሜዳ ያያል፤ መምህርና ተማሪ አብረው ይሮጣሉ፣ ይዘምራሉ። ቀጥሎ የዚያን ዘመን ሜዳ ያያል፤ ብዙ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ ፊታቸው የተሰላቸ ነው፣ መምህራኑ ለብቻቸው ያወራሉ። በደብዳቤው ላይ የሚያስጨንቀው፣ መምህራኑ ልጆቹን መውደዳቸው ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ራሳቸው መወደዳቸውን ማወቅ እንዳለባቸው ነው። ይህን ሐሳብ ለወላጆችም አቀርበዋለሁ። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንላለን። እንደምንወዳቸው እኛ እናውቃለን። እነሱ ያውቃሉ ወይ? ካምፕ ውስጥ አባት ስለ ሬሽን፣ ስለ ወረቀቱ ጉዳይ፣ አገር ቤት ስለ ቀሩት ሲያስብ ይውላል፤ ልጁ ግን የሚያየው የተቋጠረ ፊት ብቻ ነው። ምክንያቱን ካልነገሩት ቁጣው በእርሱ ላይ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሃይማኖት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስለዚህ ለማንም ጠበቃ ሆኜ አልናገርም። የዶን ቦስኮ ቤት የካቶሊክ ቤት ነበር፤ አይደለም ብዬ አላታልላችሁም። በ1877 ጽሑፉ ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባንና ቅዳሴ የትምህርት ቤቱ ምሰሶዎች ናቸው ይላል። እዚያው ላይ ግን ልጆቹ ወደ እነዚህ በግድ እንዳይወሰዱ፣ እንዲበረታቱና ዕድሉ እንዲመቻችላቸው ብቻ ያሳስባል። በግድ የጸለየ ልጅ ጸሎትን ይጠላል ብሎ ያምን ነበር። የእርሱ ልጆች በአብዛኛው ከካቶሊክ ቤት የተወለዱ ነበሩ። በእኛ ካምፕ ግን በአንድ ክፍል ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤና ካቶሊክ አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጃችሁን የትኛውም የሃይማኖት ድርጅት ትምህርት ቤት ስታስገቡ በሩ ላይ ቆማችሁ አትፍሩ፤ ገብታችሁ ጠይቁ። የጸሎት ሰዓት አለ ወይ? ልጄ ላይሳተፍ ይችላል ወይ? ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ወይም ረመዳን የሚይዝ ልጅ ምሳ ሰዓት የት ይሆናል? ይህን ጥያቄ የሚያከብር ኃላፊ ካገኛችሁ ግማሹ ሥጋት ይቀልላል። ቀሪው ግማሽ ቤት ውስጥ ነው፤ ሃይማኖቱን ከእናንተ ያልተማረ ልጅ ይዞት የሚገባው ነገር አይኖረውም።

አሁን ደግሞ እናንተ ተማሪዎች። ዶሜኒኮ ሳቪዮ የሚባል ልጅ በ1854 በአሥራ ሁለት ዓመቱ ቫልዶኮ ገባ። በጸሎት ትጉህ ስለነበር በውሃና በዳቦ ልጹም፣ በብርድ በስስ ልብስ ልተኛ ይል ነበር። ዶን ቦስኮ ከለከለው፤ ብላ፣ ተኛ፣ ተጫወት፣ የዕለት ሥራህን ሥራ አለው። አንድ ቀን ዶሜኒኮ ካሚሎ ጋቪዮ የተባለ አዲስ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ የሌሎቹን ጨዋታ ሲመለከት አየው። ልጁ ከቤተ ሰቡ ርቆ፣ ከከባድ ሕመም ተነሥቶ የመጣ ነው። ዶሜኒኮ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ስሙን፣ አገሩን፣ ሕመሙን ጠየቀው፤ ወዳጆች ሆኑ። በ1856 ዶሜኒኮና ጓደኞቹ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ከሥራቸው አንዱ አዲስ የመጣውንና የተገለለውን ልጅ ፈልጎ ጓደኛ መሆን ነበር። ይህን ያሰቡት መምህራን አልነበሩም። ዶሜኒኮ በማርች 1857 አሥራ አምስት ሳይሞላው በሕመም ሞተ፤ ማኅበሩ ግን ቀጠለ።

ሴቶች ልጆች ደግሞ እኛስ እንዳትሉ፤ በዚያው አገር ማሪያ ማዛሬሎ የተባለች የገጠር ልጅ በታይፈስ ታማ የእርሻ ጉልበቷን ካጣች በኋላ መርፌ ይዛ የመንደሯን ልጃገረዶች ልብስ ስፌት ማስተማር ጀመረች። በ1872 ከዶን ቦስኮ ጋር የእኅቶችን ማኅበር መሠረተች። የእርሷን ታሪክ በሌላ እትም በስፋት እጽፋለሁ።

በእኛም ግቢ በየወሩ አዲስ ልጅ ይመጣል። አንዳንዱ ከደቡብ ሱዳን፣ አንዳንዱ ከኮንጎ፣ አንዳንዱ ከእኛው አገር። ከግራሩ ሥር ለብቻው የሚቆመውን ታውቁታላችሁ። አማርኛ የማይችል ከሆነ በስዋሂሊ፣ ስዋሂሊም ካልቻለ በኳስ ይጀመራል። ድንገት የሚያለቅስ፣ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ከምግብ የሚሸሽ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ለምታምኑት መምህር ወይም ለክሊኒኩ ሠራተኛ ንገሩ። ይህ ማሳጣት አይደለም።

ለመወያያ የሚከተሉትን ሥሩ። ጋሬሊ ለመማር ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ ምን ነበር? ያን ጊዜ ብትሆኑ እናንተ ምን ትጠይቁ ነበር? በ1852 ውል ውስጥ ከተጠቀሱት ግዴታዎች ዛሬ ካምፕ ውስጥ በሱቅና በጋራዥ ለሚሠሩ ልጆች የትኛው ይጠቅማል? ወላጆቻችሁን ደግሞ በልጅነታቸው ያልገረፋቸውን አንድ መምህር ስም ጠይቁና እንዴት ያስተምር እንደነበር በአንድ ገጽ ጻፉ። መልሳችሁን እስከ መጪው ዓርብ ድረስ በክፍል አለቆቻችሁ በኩል አቅርቡ። ስሙን መጻፍ የማይፈልግ ሳይጽፍ መስጠት ይችላል።